ቀስ ብሎ የበሰለ ታሪክ፦ ከጨዋታ ምሽቱ ሳንድዊች ጀርባ ያለው አሳማ

ስለ አሳማ በአማርኛ መጻፍ ቀላል አይደለም። ርእሱን ያየ አንዱ አንባቢ ያማትባል፣ ሌላው ፊቱን ያዞራል። በብዙ ነገር የማይስማማው የአገራችን ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አሳማ ላይ ሲደርስ አብዛኛው ቃሉ አንድ ነው፦ «አይነካም!»። ስለዚህ ከጅምሩ እንገላገል። ይህ ጽሑፍ ማንንም አሳማ ሊያበላ አልተነሳም። የተነሳው አንድ ሳንድዊች ከየት እንደመጣ ሊጠይቅ ነው።

ሳንድዊቹ ይኸውላችሁ። አሜሪካ «የጨዋታ ምሽት» የሚሉት ነገር አለ። ጓደኛሞች አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ወይ ኳስ ያያሉ፣ ወይ ካርታና ዶሚኖ ይጫወታሉ። የዚያን ምሽት ምግብ አዘጋጁ ላይ ሸክም እንዳይሆን ጠዋት ተጥዶ ማታ የሚወጣ ነገር ይመረጣል። ከተመራጮቹ አንዱ «ካሪቢያን ስታይል» የሚባለው ነው። የአሳማ ትከሻ በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጣ ብርቱካን ተዘፍዝፎ ያድራል፤ በለሰለሰ እሳት ስምንት ሰዓት ይበስላል፤ በሹካ ሲነኩት ይፈታል፤ ዳቦ ውስጥ ይገባል። የምግብ አሰራር ጸሐፊዎቹ ሁሌ የሚጨምሯት ምክር አለች፦ «ድስቱ ውስጥ ጨምራችሁ እርሱት።»

እኛ የምንለው እዚህች ጋ ነው። መርሳቱ ከድስቱ አልፎ ታሪኩም ላይ ደርሷል። «ካሪቢያን ስታይል» የምትል ሐረግ ውስጥ ቢያንስ አራት አገር፣ አንድ የሰላም ስምምነት፣ አንድ የነጻነት አመጽና በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የተፈጸመ አንድ ትልቅ በደል ተደብቀዋል። ካሪቢያን ውስጥ የአሳማ ታሪክ የድሃ ሰው ነጻነት ታሪክ ነው። አሳማው ያለው ሰው ሌላውን እንቢ ማለት ይችል ነበር፤ አሳማውን የተነጠቀ ሰው ደግሞ እንቢ የማለት አቅሙ አብሮ ሄዷል።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስምንት አሳማ፣ አሥራ ሰባት መርከብ

ኮሎምበስ ካሪቢያን ሲደርስ እዚያ አንድም አሳማ አልነበረም። ታይኖ የሚባሉት የደሴቶቹ ነባር ነዋሪዎች ካሳቫ ይተክላሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ሁቲያ የሚባል አይጥ መሰል እንስሳ ያድናሉ። ሥጋና ዓሣ የሚያበስሉት ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት በተረበረበ ቆጥ ላይ፣ ከታች ዝግ ያለ እሳት ለኩሰው ነው። ስፔኖች ይህንን ቆጥ «ባርባኮዋ» ብለው ጻፉት። ዛሬ ዓለም ሁሉ «ባርቤኪው» የሚለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው። «ሃሪኬን» የሚለውም እንደዚሁ። ሕዝቡ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት፣ ቃሎቹ ግን የሁላችንም አፍ ላይ ቀሩ።

አሳማው የገባው በ1493፣ በኮሎምበስ ሁለተኛ ጉዞ ነው። አሥራ ሰባት መርከቦች ወደ ሂስፓኒዮላ፣ ማለትም ዛሬ ሃይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ወደሚጋሯት ደሴት ሲያቀኑ ካናሪ ደሴቶች ላይ ቆመው ከብት ጫኑ። ባርቶሎሜ ደ ላስ ካሳስ የተባለው መነኩሴ እንደጻፈው የተጫኑት አሳማዎች ስምንት ነበሩ። ስምንት! አዳኝ አውሬ በሌለበት፣ ሥራሥርና ፍራፍሬ በሞላበት ደሴት ግን ስምንቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጫካውን ሞሉት። የታይኖዎቹን የካሳቫ ማሳ እየቆፈሩ በሉት። በበሽታና በግዳጅ ሥራ የሚያልቀው ሕዝብ ላይ ረሀብ ሲጨመርበት የአሳማው እጅ አለበት።

የጊዜውን ስፔን ካስታወስን ደግሞ አሳማው ተራ ስንቅ ብቻ አልነበረም። በ1492 የመጨረሻው የሙስሊሞች ግዛት ግራናዳ ወደቀች፤ በዚያው ዓመት አይሁዶች እንዲጠመቁ ወይም ከአገር እንዲወጡ ታዘዘ። ከዚያ በኋላ በስፔን አሳማ አለመብላት ያስጠረጥር ጀመር። ሰዎች «እውነተኛ ክርስቲያን» መሆናቸውን ለማሳየት አደባባይ ላይ አሳማ ይበሉ ነበር። እኛ ዘንድ አሳማ አለመብላት የእምነት ምልክት የሆነውን ያህል እዚያ መብላቱ የእምነት ማስረጃ ሆነ። ካሪቢያን የደረሰው አሳማ የድል አድራጊዎች እንስሳ ነበር ማለት ነው።

ታሪክ የምትጥመው እዚህ ላይ ነው። የድል አድራጊዎቹ አሳማ ገመዱን በጠሰና ጫካ ገባ። ስፔኖች ለኮበለለ ከብት «ሲማሮን» የሚል ቃል ነበራቸው። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ቃል ለኮበለለ ሰው ተጠቀሙበት።

አሳማ የተጠቀሰበት የሰላም ውል

በ1655 እንግሊዞች ጃማይካን ከስፔን ነጠቁ። በግርግሩ መሐል ስፔኖች በባርነት ይዘዋቸው የነበሩ አፍሪካውያን ወደ ተራራ ወጡ። እንግሊዞች በበኩላቸው ለሸንኮራ እርሻቸው ሌሎች አፍሪካውያንን በገፍ ሲያመጡ ከእነርሱም እያመለጡ ወደ ተራራው የሚቀላቀሉ በዙ። እነዚህ ሰዎች በእንግሊዝኛ «ማሩን» ተባሉ፤ ከዚያው «ሲማሮን» ከሚለው ቃል። በምሥራቅ ያሉትን ናኒ የምትባል ሴት ትመራቸው ነበር። ዛሬ ጃማይካ ከብሔራዊ ጀግኖቿ መሐል ያስቀመጠቻት ብቸኛ ሴት እርሷ ናት። በምዕራብ ያሉትን ኩጆ የተባለ የጦር መሪ ይመራቸው ነበር።

ተራራ ላይ የሚኖር፣ በወታደር የሚታደን ሰው ምን ይበላል? እርሻው ሊቃጠልበት ይችላል። ከብት ይዞ መሸሽ አይቻልም። ጫካው ውስጥ ግን እንደ እርሱው የኮበለለ አሳማ አለ። ማሩኖቹ ያድኑታል፤ በጨው፣ በሚያቃጥል ቃሪያና ፒሜንቶ በሚባለው የደሴቲቱ ቅመም ያሹታል፤ በእንጨት እሳት ላይ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ቀስ ብለው ያበስሉታል። ሥጋው ሳይበላሽ ይቆያል፣ ለመንገድም ይሆናል። ዛሬ «ጀርክ» እየተባለ የሚሸጠው የጃማይካ ምግብ መነሻው ይህ ነው። የማሩን ልጅ ልጆች ሲተርኩ፣ አያቶቻቸው ጉድጓዱን የሚከድኑት ጭሱ ለወታደር ምልክት እንዳይሆን ነው ይላሉ።

እንግሊዞች ለአሥርት ዓመታት ተዋግተው ማሩኖቹን ማሸነፍ ሲያቅታቸው በ1739 ከኩጆ ጋር ውል ፈረሙ። ማሩኖቹ ነጻ መሆናቸው ታወቀላቸው፤ 1500 ኤከር መሬት ተሰጣቸው። ከውሉ አንቀጾች አንዱ ስለ አደን የሚደነግግ ነው። ማሩኖቹ ከማንኛውም ሰፈራ ሦስት ማይል ርቀው በፈለጉበት ማደን ይችላሉ፤ የኩጆ አዳኞች ከሌሎች ሰፈራዎች አዳኞች ጋር ከተገናኙ ግን አሳማዎቹ በሁለቱ ወገን እኩል ይካፈላሉ ይላል። እስቲ አስቡት። በዓለም ኃያል ከሚባሉት መንግሥታት አንዱና የኮበለሉ ሰዎች መሪ ቁጭ ብለው አሳማ እኩል ለመካፈል ተፈራረሙ። «እኩል» የምትለዋ ቃል በባርነት ዘመን ጃማይካ ውስጥ በሕግ ፊት ስትጻፍ የጻፈቻት አሳማ ናት ብንል አልተጋነነም።

ውሉን ግን ማሞገስ ብቻ አይበቃም። በዚያው ውል ማሩኖቹ ከዚያ በኋላ የሚኮበልሉትን ሰዎች ይዘው እንዲመልሱ ግዴታ ገቡ። የራሳቸውን ነጻነት የገዙት የሌላውን በር በመዝጋት ነበር። ይህ ቁስል ጃማይካ ውስጥ እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

የእርሻው ባሪያም ቢሆን አሳማ ነበረው። ባለርስቶቹ ሠራተኛውን መመገብ ወጪ ስለሆነባቸው ለእርሻ የማይመች ዳገት ቆርሰው «ራስህን አብላ» ይሉታል። እርሱም በትርፍ ሰዓቱ ሥራሥር ይተክላል፣ ዶሮና አሳማ ያረባል፣ የተረፈውን እሑድ ገበያ ያወጣል። ሕግ ራሱን እንደ ዕቃ የሚቆጥረው ሰው በልማድ የራሱ አሳማ ነበረው። ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

አሳማውን እንቢ ያሉት

ከዚህ ታሪክ ጋር እኛን የሚያገናኝ አንድ ክር አለ። በኖቬምበር 1930 አፄ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ጃማይካ ውስጥ ትንቢት ተፈጸመ ያሉ ድሆች ተነሱ፤ በንጉሡ የቀድሞ ስም ራስ ተፈሪያን ተባሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በኤፕሪል 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ አየር ማረፊያውን ያጥለቀለቀውን ሕዝብ ፎቶ ያላየ ያለ አይመስለንም። ሻሸመኔ ያለው የራስ ተፈሪያን መንደርም ንጉሡ በ1948 ከሰጡት መሬት የተነሳ ነው።

ራስ ተፈሪያን አሳማ አይበሉም። ኦሪት ዘሌዋውያንን ይጠቅሳሉ፤ የኛ ሽማግሌ የሚጠቅሰውን ያንኑ ምዕራፍ ማለት ነው። «አይታል» በሚሉት አመጋገባቸው ብዙዎቹ ሥጋ ጨርሶ አይነኩም። ነገሩን ከታሪኩ ጋር ስናየው ደስ ይላል። የአገራቸውን ስመ ጥር ምግብ የፈጠሩት የነጻነት ታጋዮች ናቸው፤ ምግቡ ደግሞ አሳማ ነው። እነርሱ ግን ነጻነትን ሌላ ቦታ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ አዩትና አሳማውን ተዉት። አንዱ አሳማ አድኖ እንቢ አለ፣ ሌላው አሳማ ባለመብላት እንቢ አለ። ሁለቱም እንቢታ የአንድ ደሴት ነው።

ሳንድዊቹ ሲወለድ

እስካሁን ሥጋውን እንጂ ዳቦውን አላነሳንም። ዳቦው ከኩባ ጋር ይመጣል።

ኩባ ውስጥ አሳማ የበዓል ምግብ ነው፤ በተለይ የገና ዋዜማ ያለ አሳማ ጥብስ አይታሰብም። ማባያው «ሞሆ» ይባላል፦ ነጭ ሽንኩርት፣ የኮምጣጣ ብርቱካን ጭማቂ፣ ከሙን፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይትና ጨው። ኮምጣጣውን ብርቱካን ወደ ስፔን ያስገቡት ሙስሊሞች ናቸው። የስፔንኛ ስሙ «ናራንሃ» ራሱ ከዐረብኛው «ናራንጅ» የመጣ ነው። (በነገራችን ላይ የኛው «ብርቱካን» ደግሞ መነሻው «ፖርቱጋል» ነው።) ሙስሊሞቹን ለማባረር አሳማ የበላች አገር አሳማውን የምታጣፍጠው በሙስሊሞቹ ብርቱካን ነበር።

በ1886 ገደማ ቪሴንቴ ማርቲኔዝ ኢቦር የተባለ የሲጋራ ፋብሪካ ባለቤት ፍሎሪዳ ውስጥ ታምፓ አጠገብ በስሙ የምትጠራ የሠራተኞች ከተማ ቆረቆረ፤ ኢቦር ሲቲ። ኩባውያን፣ ስፔናውያንና ከሲሲሊ የመጡ ጣሊያኖች እዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጋራ ይጠቀልሉ ነበር። ጋዜጠኝነት ለተማርን ሰዎች ይህ ቦታ ልዩ ፍቅር አለው። ሠራተኞቹ ከኪሳቸው አዋጥተው አንባቢ ይቀጥሩ ነበር። አንባቢው ከፍ ያለ መድረክ ላይ ቁጭ ብሎ ጋዜጣም ልብ ወለድም ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፤ እነርሱ እጃቸው ትምባሆ ላይ፣ ጆሯቸው አንባቢው ላይ ነው። ሆሴ ማርቲ ለኩባ ነጻነት ገንዘብና ሰው ለማሰባሰብ በ1891 ታምፓ መጥቶ የተናገረው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ባለፋብሪካዎቹ ንባቡ ሠራተኛውን ያሳምፃል ብለው በ1931 አንባቢዎቹን አስወጡ፤ ቦታቸውንም ሬድዮ ወሰደው።

የኩባ ሳንድዊች የሚባለው የእነዚህ የሲጋራ ሠራተኞች ምሳ ነበር። ረዘም ያለ የኩባ ዳቦ፣ የአሳማ ጥብስ፣ ካም፣ አይብ፣ የኮመጠጠ ኪያር፣ ሰናፍጭ። ታምፓዎች ሳላሚ ይጨምራሉ፤ በጣሊያን ጎረቤቶቻችን ምክንያት ነው ይላሉ። ከ1959ኙ አብዮት በኋላ በኩባ ስደተኞች የሞላችው ማያሚ ግን ሳላሚ ሲባል ትቆጣለች። ክርክሩ እየጦፈ ሄዶ በ2012 የታምፓ ከተማ ምክር ቤት የታምፓውን ሳንድዊች የከተማዋ መለያ ብሎ በውሳኔ አጸደቀው። በኛ አገር ስለ ክትፎ ምክር ቤት ቢሰበሰብ ምን ይፈጠር እንደነበር መገመት አያቅትም። ሃቫና ውስጥ ደግሞ ያንኑ በትንሽ ጣፋጭ ዳቦ ሠርተው ከጭፈራ ቤት ለሚወጣ ሰው በእኩለ ሌሊት የሚሸጡት አለ። ስሙም «ሜዲያኖቼ» ነው፤ እኩለ ሌሊት ማለት።

ከኩባ ጋር እኛም ትውውቅ አለን። በ1977 እና 78 በኦጋዴን ጦርነት ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈዋል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው የትግላችን ሐውልት የወደቁትን ያስታውሳል። ከጦርነቱ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው በወጣቶች ደሴት ተምረዋል፤ ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሽ ቀን የሎሚና የብርቱካን ዘመዶች በተተከሉበት እርሻ ላይ። የሞሆ ሽታ ለእነዚህ ሰዎች ከማናችንም በላይ ቅርብ ነው።

ለምን ቀስ ተብሎ?

አሁን ወደ ድስቱ። የአሳማ ትከሻ ብዙ የሚሠራ ጡንቻ ነው፤ ስለዚህ ጅማት ይበዛበታል። በፍጥነት ቢጠበስ ጫማ ይሆናል። ቀስ ተብሎ ለብዙ ሰዓት ሲበስል ግን ጅማቱ ቀልጦ እንደ መረቅ ይሆንና ሥጋውን ያለሰልሰዋል። ለስላሳው ሥጋ ለባለርስቱ ማዕድ ሲሄድ ጠንካራው ለሠራተኛው ይቀር ነበር። ጠንካራውን ሥጋ የሚያሸንፈው ጊዜ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን ኩባዎች ዘንድ ቢደርስ ስለ ትከሻ ሥጋ የተተረተ ይመስላቸው ነበር።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ለሁለት ኪሎ ያህል ትከሻ አሥር ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ከጨው ጋር ይወቀጣል። አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙንና ኦሬጋኖ ይጨመራል፤ አንድ ስኒ የሚሆን የኮምጣጣ ብርቱካን ጭማቂ ይገባበታል። ኮምጣጣው ካልተገኘ ሁለት እጅ ብርቱካንና አንድ እጅ ሎሚ ይተካዋል። ሥጋው በስለት እየተበሳ ውሁዱ ይገባበትና ያድራል። በማግስቱ ተከድኖ 150 ዲግሪ በሆነ ኦቨን ውስጥ አራት አምስት ሰዓት፣ ወይም በኤሌክትሪክ ድስት ዝቅተኛው እሳት ላይ ስምንት ሰዓት። በሹካ ሲነካ ካልተፈታ አልደረሰም፤ ይመለስ። ሲደርስ ይበጣጠስና መረቁ ይመለስበታል፤ ዳቦ ውስጥ ከሽንኩርት ጋር ገብቶ በምጣድ ላይ ተጭኖ ይሞቃል። አሳማ በማይገባበት ቤት፣ ማለትም በአብዛኞቻችን ቤት፣ የበሬ ትከሻ ወይም የፍየል ሥጋ በዚሁ አሠራር ያምራል። ጅማቱም ጊዜውም አንድ ነው።

ጨዋታውስ? ካሪቢያን ውስጥ የጨዋታ ምሽት ማለት ዶሚኖ ነው። አራት ሰው፣ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ ፊት ለፊት። ጃማይካና ፖርቶ ሪኮ በ28 ጠጠር ይጫወታሉ፤ ሃቫና በ55። ጓደኛህ ምን እንደያዘ በቃል መጠየቅ አይፈቀድም፤ ከሚጥለው ጠጠር ትረዳዋለህ። ጠጠሩን ጠረጴዛው ላይ ማጮህ ግን ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ግዴታ ይመስላል። ማያሚ፣ ሊትል ሃቫና ውስጥ፣ በኩባ ነጻነት ተዋጊው በማክሲሞ ጎሜዝ ስም የተሰየመው መናፈሻ ሽማግሌ ስደተኞች ለዓመታት እየተሰበሰቡ ዶሚኖ የሚያጮሁበት ነው። ቀስ የሚል ሥጋና ቀስ የሚል ጨዋታ አብረው የተፈጠሩ ይመስላሉ።

ባንኩ ሲታረድ

ቅድም «ያዙልን» ያልናት ነጥብ ነበረች፤ ባሪያው በልማድ የራሱ አሳማ ነበረው ያልናት። ካሪቢያን ውስጥ አሳማ ከምግብነቱ በፊት ቁጠባ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ፈርሳ ኩባ ስትራብ የሃቫና ሰዎች በፎቅ ቤት መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሳይቀር አሳማ አድልበዋል። ነገሩ ከሁሉ በላይ የከፋው ግን ሃይቲ ውስጥ ነው።

ሃይቲ ለዚህ እንስሳ ክብር አላት። በኦገስት 1791 ባሮቹ ቧ ካይማን በተባለ ቦታ በሌሊት ተሰብስበው ለአመጽ ሲማማሉ ጥቁር አሳማ እንደተሠዋ ይተረካል። ያ አመጽ በ1804 በጥቁሮች የተመሠረተችውን ነጻ አገር ወለደ። ከዚያ ወዲህ የሃይቲ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ቻይ አሳማ አለ፤ የክሬዮል አሳማ ይሉታል። ቀለብ አይጠይቅም፤ የወደቀ ማንጎና የቤት ጥራጊ ይበላል፤ ሙቀትና ድርቅ ይችላል። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ይሸጣል፤ ሰው ሲታመም ይሸጣል፤ ሠርግና ቀብር ሲመጣ ይሸጣል። የኛ ገበሬ በግና ዶሮ ለእርሱ ምን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። ባንኩ እርሱ ነው።

በ1978 የአፍሪካ የአሳማ ወረርሽኝ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ገባ፤ ድንበር ተሻግሮ ሃይቲም ደረሰ። በሽታው ሰው አይነካም፤ አሳማን ግን ይጨርሳል፣ ፈውስም የለውም። አሜሪካ በሽታው ወደ ራሷ የአሳማ እርባታ እንዳይሻገር ሰጋች። በአሜሪካ፣ በካናዳና በሜክሲኮ ድጋፍ፣ በዣን ክሎድ ዱቫልዬ አምባገነን መንግሥት ፈቃድ ዘመቻ ተጀመረና በ1982 እና 83 ከበሽታው የተረፉት የክሬዮል አሳማዎች በመቶ ሺዎች ተጨፈጨፉ። ጤነኛውም አልቀረለትም፤ ዕቅዱ በደሴቲቱ አንድም አሳማ እንዳይቀር ነበር። ካሣ ይከፈላል ተባለ፤ ብዙው ገበሬ እጁ ሳይገባ ቀረ።

በምትኩ ከአዮዋ አሳማ መጣ። ትልቅ፣ ነጭ፣ ያማረ። ግን ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል፤ ከውጭ የሚገባ ቀለብ ይፈልጋል፤ ጣራ ያለው ማደሪያ ይፈልጋል። ገበሬው ራሱ ያልነበረውን ማለት ነው። ሃይቲዎች ስም አወጡለት፦ «ባለ አራት እግር ልዑል»። እኛ አገር የሐበሻ ዶሮና የፈረንጅ ዶሮ የሚያረባ ሰው ልዩነቱን ሳናብራራለት ይገባዋል። አንድ ቀን የቀበሌው የሐበሻ ዶሮ በሙሉ በትእዛዝ ታርዶ፣ መብራትና የፋብሪካ መኖ የሚፈልግ ዶሮ «ይኸው ምትኩ» ቢባል ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

ልጆች ከትምህርት ቤት ቀሩ። ገበሬው ያለው አንድ ሌላ ቁጠባ ዛፉ ነበርና ዛፉን ቆርጦ ከሰል አድርጎ ሸጠው፤ አስቀድሞም የተራቆተው ተራራ ይበልጥ ተራቆተ። ወደ ፖርቶ ፕሪንስ የሚፈልሰው ሰው በረከተ። በፌብሩዋሪ 1986 ዱቫልዬን ከአገር ያስወጣው ቁጣ ብዙ ምንጭ ነበረው፤ የአሳማው ጉዳይ ግን ገጠሩ የማይረሳው ነበር። በኋላ የክሬዮሉን ጠባይ የያዙ ድቅል አሳማዎች ተራብተው ለገበሬው ተሰጥተዋል። ይሁንና በሽታው በ2021 እንደገና መጣ፤ በመጀመሪያ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ቀጥሎ ሃይቲ።

በሽታውን መቆጣጠር ስህተት ነበር ለማለት አይደለም፤ ክትባት ያልነበረው ወረርሽኝ ዝም አይባልም። ጥያቄው የማን ንብረት ለማን ደኅንነት ታረደ፣ የተወሰነውስ ማንን ጠይቆ ነው የሚለው ነው። የአዮዋው ከብት አርቢ ሥጋቱ ተቆጠረለት። የሃይቲው ገበሬ ግን ባንክ እንዳለው እንኳን የተረዳለት አልነበረም፤ ምክንያቱም ባንኩ ጓሮ ውስጥ ጭቃ ላይ ይተኛ ነበር። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ሲያየው ድህነት ነው፤ ባለቤቱ ሲያየው ዋስትና ነው። ይህ አለመተያየት ሃይቲ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። «ኋላ ቀር» የተባለ ከብት፣ ዘር ወይም እርሻ «በዘመናዊ» ይተካ ሲባል እኛም ቆም ብለን መጠየቅ ያለብን ይህንኑ ነው። ቀለቡን ማን ይችለዋል? ሲታመም ማን ያክመዋል? ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባስ ይሸጣል ወይ?

እንግዲህ «ካሪቢያን ስታይል» የምትለዋ ሐረግ የያዘችው ይህን ሁሉ ነው። የታይኖዎችን ቆጥ፣ የማሩኖችን ጉድጓድ፣ የሲጋራ ሠራተኞችን ምሳ፣ የሃይቲ ገበሬን የታረደ ቁጠባ። የሚበላ ይብላው፤ የማይበላም በበሬ ትከሻ ይሥራው። ድስቱን መርሳት ይቻላል፤ ስምንት ሰዓት ረጅም ነው። እስከዚያው ግን ዶሚኖው እየጮኸ፣ ምግቡ የእነማን እንደነበር ለጓደኛ ለማውራት በቂ ጊዜ አለ።